ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ

ስለ ጦርነት የተጻፈ ልቦለድ «ጣፋጭ ነው» ሲባል ሙገሳ ይሁን ነቀፋ ለመለየት የተናጋሪውን ፊት ማየት ያስፈልጋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በእኛና በአጎራባች ብሎኮች የምንኖር ጥቂት ሰዎች በየወሩ እየተገናኘን ባነበብነው መጽሐፍ ላይ እንወያያለን። ባለፈው ክረምት የተወያየንበት ልቦለድ ይህን ቃል ከአንዱ አፍ እንደ ምርቃት፣ ከሌላው አፍ እንደ ክስ ሲያስወጣ ሰማሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የገርንዚ የሥነ ጽሑፍና የድንች ልጣጭ ኬክ ማኅበር» ሊባል የሚችለው ሥራ ነው። ደራሲዋ ሜሪ አን ሻፈር አሜሪካዊት ናት፤ መጽሐፏ ታትሞ ሳታይ በዚያው ዓመት አርፋለች፤ ጤናዋ ስለታወከ የእርማቱን ሥራ የጨረሰችው የወንድሟ ወይም የእኅቷ ልጅ የምትሆን ሌላ ደራሲ፣ አኒ ባሮውስ ነበረች። አንዲት ሴት በስተርጅና የጻፈችው የመጀመሪያና የመጨረሻ ልቦለድ መሆኑን ያወቁ አንባቢዎች ገና ሳይከፍቱት ያዝኑለታል፤ እኔ ግን መጽሐፍን በደራሲው ዕጣ መመዘን ስለማልወድ ይህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ገርንዚ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለች፣ ለፈረንሳይ ጠረፍ የምትቀርብ ነገር ግን ለእንግሊዝ ዘውድ የምትገዛ ትንሽ ደሴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ስትወድቅ የእንግሊዝ መንግሥት እርሷንና አጎራባች ደሴቶችን መከላከል እንደማያዋጣው ወስኖ ወታደሮቹን አወጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ቲማቲም ጭነው ወደብ ላይ የተሰለፉትን መኪኖች ደበደቡ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላም ጀርመኖች ገቡ። ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1945 ነው። ልቦለዱ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በ1946 ነው። ለንደን ውስጥ የምትኖር ጁልየት አሽተን የተባለች ጸሐፊ ዶውሲ አዳምስ ከሚባል የማታውቀው የደሴቲቱ ገበሬ ደብዳቤ ይደርሳታል። ገበሬው ቀድሞ የእርሷ የነበረ፣ በውስጡ ስሟና አድራሻዋ የተጻፈበት አሮጌ መጽሐፍ እጁ ገብቶ ኖሮ፣ የዚያኑ ደራሲ ሌሎች መጻሕፍት ከየት እንደሚያገኝ ሊጠይቃት ነው የጻፈው። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ መጻፍ ይጀምራሉ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ደብዳቤ፣ አልፎ አልፎም ቴሌግራም ነው።

ማኅበሩ ራሱ የተወለደው ከውሸት ነው። ጀርመኖች የቤት እንስሳትን ሁሉ ቆጥረው በያዙበት ጊዜ ጎረቤታሞቹ የደበቁትን አሳማ ጠብሰው በልተው፣ ሰዓት እላፊ ካለፈ በኋላ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ይያዛሉ። ኤልሳቤጥ ማኬና የምትባለው ወጣት «የመጽሐፍ ማኅበር ስብሰባ ላይ አምሽተን ነው» ትላለች። እንግዲህ ውሸቱ እንዳይታወቅ እውነተኛ ማኅበር ማቋቋም ግድ ሆነ። መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ሰዎች ማንበብ ጀመሩ። እኛ የምንሰበሰበው ለእድርና ለድግስ በተሠራው ኮሚናል ቤት ውስጥ፣ ከጥግ በተደረደሩት የእድሩ ትላልቅ ድስቶችና ወንበሮች መካከል ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ስናነብ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሳቅ ሳቅን።

ክሱን ያቀረበችው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት ናት። «አምስት ዓመት ተርበዋል፤ ልጆቻቸው ተወስደውባቸዋል፤ ጓደኛቸው ወደ ጀርመን የእስረኞች ሰፈር ተግዛለች። ታዲያ እንዴት ነው ሁሉም እንዲህ ተጫዋች የሆኑት? አንዲቱ ስለ በቀቀኗ ትጽፋለች፣ አንዱ ስለ አሳማው ይጽፋል። ደራሲዋ ቁስሉን በስኳር ሸፍናዋለች» አለች። ያነበበችው ስልኳ ላይ፣ ማታ ተረኛ በሆነችባቸው ሰዓታት ነው፤ ከእኛ ሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ያነበበችውም እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። በሌላ በኩል «ጦርነት እስኪበቃን አይተናል፤ ደስ የሚል ነገር ማንበብ ኃጢአት ነው እንዴ?» ያሉ ነበሩ። ይህ ሁለተኛው ወገን መጽሐፉን የወደደው የመጀመሪያው በጠላበት ምክንያት ነው፤ ጣፋጭ መሆኑን ሁለቱም አምነዋል፤ ጠባቸው ጣፋጭ ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ብቻ ነው።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። ልቦለዱ ጣፋጭ የሚመስለው በደብዳቤ ስለተጻፈ ይመስለኛል። ደብዳቤ የሚጻፈው ለአንድ ለታወቀ ሰው ነው፤ ጸሐፊው የዚያን ሰው ልብ እያሰበ ይመርጣል፣ ያለሰልሳል፣ ይዘልላል። በኛ አገር የተላከ ደብዳቤ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። «ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ የጻፈው ወታደር ውኃ በቋጠረ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ሐሳብ አይግባህ» ብሎ የመለሰው ቤተሰብ ላሙን ሸጦ ሊሆን ይችላል። ማንም ማንንም አላታለለም። ተቀባዩ የሚያነበው የተጻፈውንና የተዘለለውን አንድ ላይ ነው። የገርንዚ ሰዎች ለማያውቋት የለንደን ጸሐፊ ስለ መከራቸው ሲጽፉ የሚቀልዱት፣ እንግዳ ሰው ቤታችን ሲመጣ የሚያሳዝነውን ወደ ጓዳ ገፋ አድርገን ሳሎኑን እንደምናሳየው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ደራሲዋ መከራውን ሸፈነችው ወይ አይደለም፤ የሸፈኑት ባለታሪኮቹ ናቸው፤ አንባቢውም ሲሸፍኑ እንዲያያቸው ነው የተጻፈው።

ለዚህ ማስረጃ አድርጌ ፋርማሲስቷን የሞገትኩት በአንዲት ባለታሪክ ነው። አደላይድ አዲሰን የምትባል ሴት ለጁልየት ስለ ማኅበሩ አባላት ክፉ ክፉውን ትጽፋለች፦ ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ከማን እንደወለደ። በልቦለዱ ውስጥ ሳታለሳልስ፣ ሳትዘልል የምትጽፍ እርሷ ናት፤ ከጠላት መኰንን መውለድ በደሴቲቱ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበር መጀመሪያ የምንረዳውም ከእርሷ ነው። እኛ ግን ሁላችንም ጠላናት። ግልጽነት የጎደለው መጽሐፍ ነው ስትል የነበረችው ወዳጄም ጭምር ጠልታት ነበር፤ ይህን ስነግራት ለጊዜው ዝም አለች፤ ከዚያ «እርሷን ክፉ አድርጎ የሣላት ማን ሆነና?» ብላ መለሰችልኝ። መልሱ ጥሩ መልስ ነው፤ እስካሁን ያሳስበኛል።

ከዚህ ክርክር መካከል ያወጡን እማማ ናቸው። እማማ የቡድናችን አዛውንት ሲሆኑ እንግሊዝኛ አያነቡም። መጽሐፉን ያነበበችላቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ናት፤ ማታ ማታ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድ ደብዳቤ ታነባለች፣ ዘወር ብላ በአማርኛ ትነግራቸዋለች፣ ወደ ሚቀጥለው ታልፋለች። ልጅቷ እንደ ነገረችን መጀመሪያ ያስቸገሯት በሰላምታው ነው። «ሰላምታውን ለምን ትዘያለሽ? ሳይጠይቀው ዘሎ ወደ ጉዳዩ ገባ ትይኛለሽ እንዴ?» እያሉ ይቆጧት ነበር። እንግሊዞቹ እንዲያ መሆናቸውን ካመኑ በኋላ ግን ማንም እንደርሳቸው አላዳመጠም። ወረቀቱ የሚነበብላቸው ሰው ሆኖ ማዳመጥ ለእርሳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

የእማማ ታናሽ እኅት አሥመራ አግብታ ቀርታ ነበር። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣ ስልኩም ፖስታውም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች ያሉ ቤተሰቦች የሚገናኙባት አንዷ መንገድ የቀይ መስቀል መልእክት ነበረች። መልእክቱ ሳይታሸግ በግልጽ የሚሄድ፣ የቤተሰብ ነገር ብቻ የሚጻፍበት አንድ ገጽ ቅጽ ነው፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ጦሩ መጻፍ አይፈቀድም። በመንገድ ላይ የሚያነበው እንዳለም ጸሐፊውም ተቀባዩም ያውቃሉ። በዚህ ቅጽ ላይ ምን ይጻፋል? «የሚጻፈው ስም ነው» አሉን እማማ። «እገሌ ደህና ነው፣ እገሊት ደህና ናት፣ እገሌ ትምህርቱን ጨረሰ፣ እገሊት ወለደች። ስትነበብልኝ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ ስቆጥር የታላቅየው ልጅ ስም የለም። የምታነብልኝን ልጅ ድጋሚ አንብቢልኝ አልኳት፤ የለም። ሌላ ነገር አልተጻፈም። እንግዲህ አወቅሁ።»

ኮሚናሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እርሳቸው ግን ለማስለቀስ አልነበረም የተናገሩት፤ ሊነግሩን የፈለጉት ስለ መጽሐፉ ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ኤበን የሚባል ሽማግሌ አለ። የልጅ ልጁ ኤሊ ጀርመኖች ከመግባታቸው በፊት ወደ እንግሊዝ እንዲሸሹ ከተደረጉት ሕፃናት አንዱ ነው። ይህ ከታሪኩ ጋር የሚገጥም ነው፤ ከ40 ሺህ ከሚበልጠው የገርንዚ ሕዝብ 17 ሺህ ያህሉ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 በጥቂት ቀናት ውስጥ በመርከብ ወጥቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤታቸው ጋር ያለ ወላጅ የሄዱ ልጆች ነበሩ። ፖስታ ስለ ተቋረጠ በወላጅና በልጅ መካከል የቀረው በጄኔቫ በኩል የሚዞረው የቀይ መስቀል መልእክት ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ የሚፈቀደው 25 ቃል ነው። መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። «ሃያ አምስት ቃል በቂ ነው» አሉ እማማ፤ «ስም ከሆነ የሚጻፈው።» ፋርማሲስቷ ኤበን ስለ ኤሊ የጻፈውን ደብዳቤ ቀልድ የበዛበት ነው ብላ ስታልፈው፣ እማማ ግን የልጅ ልጃቸውን ሦስት ጊዜ አስነብበዋታል። ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ አይመስለኝም። ከክፍሉ ታናናሾች መካከልም ጥቅምት 2013 ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሥቶ ስልክ ከተቋረጠ በኋላ የዘመድ ድምፅ ለወራት ያልሰሙ አሉ፤ እነርሱም ከእማማ ጎን ነበሩ።

ይሁን እንጂ እማማ መጽሐፉን የነቀፉበት አንድ ቦታ አለ፤ ነቀፋቸውም ከሁላችን ነቀፋ የከረረ ነው። (ያላነበባችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ማኅበርተኞቹ ኤልሳቤጥ አንድ ቀን ትመለሳለች እያሉ ልጇን ኪትን በየተራ ያሳድጋሉ። እርሷን የምናውቃት እነርሱ ስለ እርሷ በሚጽፉት ነው፤ ጀርመኖች ለግንብ ሥራ በባርነት ካመጧቸው ሠራተኞች አንዱን ልጅ ደብቃ ስትረዳ ተይዛ ጀርመን ወዳለው ራቨንስብሩክ የሴቶች የእስረኞች ሰፈር ተልካለች። ከእለታት አንድ ቀን ከእርሷ ጋር ታስራ የነበረች ሬሚ የተባለች ፈረንሳዊት ለማኅበሩ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ኤልሳቤጥ መሞቷን ትነግራቸዋለች። የልጅ ልጃቸው ይህን ስታነብላቸው እማማ በጣም ተቆጡ። «መርዶ በወረቀት ይነገራል እንዴ? ሰው የላቸውም? ሽማግሌ የላቸውም?»

ይህ ቁጣ ለውጭ አገር አንባቢ ግራ የሚያጋባ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን አያሻማም። ልጇ የሞተባትን እናት ማንም በስልክ አይነግራትም፤ «ትንሽ አሟታል፣ ነይ» ተብሎ ከክፍለ ሀገር ትጠራለች፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ብቻዋን እንዳትሰማ ነው ይህ ሁሉ። ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የታሪክ መምህር እማማን ለማብረድ «የሚሄድ ሰው ከየት ይምጣ፤ ሴትዮዋ ራሷ ገና ከሞት የተረፈች ሕመምተኛ ናት» ቢሉም አልተቀበሏቸውም። እኔ ግን ደራሲዋ ይህን ያሰበችበት ይመስለኛል። ሬሚ ደብዳቤውን የጻፈችው ለማኅበሩ ነው፤ ለአንድ ሰው አይደለም። መርዶው የደረሰው ለብዙ ሰው አንድ ላይ ነው። የደብዳቤው አጻጻፍም እንደ ሽማግሌ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ደግነቷ፣ ስለ ወኔዋ፣ በእስር ቤት ስለ እነርሱ እያወራች እንዴት ታሳርፋቸው እንደነበር ይናገራል። እማማ ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና «ቢሆንም» አሉ። ቢሆንም ማለታቸው ልክ ነው።

ጋሼ ያነሡት ነገር ደግሞ ሌላ ነበር፤ ለእርሱ ይበልጥ ጊዜ ብንሰጠው እወድ ነበር። የኪት አባት ክርስቲያን ሄልማን የተባለ የጀርመን ጦር ሐኪም ነው፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ደሴቲቱን የሚወድ ሰው ሆኖ ነው የተሣለው። ጋሼ «ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ ተመለሱ። እኛም እንደ እነርሱ አምስት ዓመት ነው የተያዝነው። አሁን አንድ ሰው በደብዳቤ የተጻፈ፣ ደግ የጣሊያን ሻምበል ያለበት፣ ልብ የሚያሞቅ ልቦለድ ቢያመጣልን እናነበዋለን?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አናነብም» አለ፤ ወዲያው ግን ከጥግ አንዱ «እኔ አነባለሁ» አለ፤ አያቱ ከዚያ ዘመን የተወለዱ፣ አባታቸውን አይተው የማያውቁ ሰው መሆናቸውን ከዚያ በፊት አልነገረንም ነበር።

ጋሼ ልዩነቱን እንዲህ አስረዱ። ገርንዚ ውስጥ ረሃብ ነበረ፣ እስር ነበረ፣ ግዞት ነበረ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን የካቲት 12 ቀን 1929 እና ተከታዮቹ ቀናት ነበሩ፤ ሕዝብ በየቤቱ ተቃጥሏል። ጀርመኖቹ የገርንዚን ሰው እንደ ዘራቸው ነበር የሚያዩት፤ ፋሺስቶቹ ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ባወጡት ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደንግገዋል። ፍቅሩ ራሱ በወንጀልነት ተመዝግቧል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልቦለድ የሚጽፍ ሰው የሻምበሉን ደግነት ብቻ ይዞ ሊነሣ አይችልም። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ደብዳቤውን ነው። በዚያ ዘመን በከተማችን ተጽፈው ያለፉት ወረቀቶች የውስጥ አርበኞች ለዱር አርበኞች የላኳቸው ናቸው፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት መረጃና ስንቅ ሲልኩ ተይዘው እስከ ጣሊያኗ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ተነብቦ የሚቃጠል ወረቀት ነው እንጂ ተጠብቆ ለማያውቁት ሰው የሚላክ ማስታወሻ አይደለም። ልብ የሚያሞቅ ልቦለድ ለመጻፍ ቀድሞ የተረፈ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ምናልባት የኛ ልቦለድ መልኩ ሌላ የሚሆነው በዚህ ምክንያትም ይሆናል። አርበኛ አያት ለነበራት ለፋርማሲስቷ ይህ ሁሉ አልጣማትም፤ «ሻምበሉን ተዉት፤ ስንቅ ስለምትልከው ሴትዮ ጻፉ» ብላ ዘጋችው።

በነገራችን ላይ ኬኩን ሠርተነዋል። በልቦለዱ ውስጥ የማኅበሩ አባል የሆነ አንድ ሰው የሚቀመስ ነገር ከሌለ ስብሰባ አልመጣም ስላለ፣ ቅቤና ዱቄት በተመናመነበት፣ ስኳርም በሌለበት ከተፈጨ ድንች፣ ለጣዕም ከቀይ ሥር፣ ለቅርፊቱ ከድንቹ ልጣጭ የሚጋግረው ነው። የፍልሰታ ጾም ስለነበረ ከመካከላችን አንዷ ዕቃዎቹን ቆጥራ «የጾም ነው!» አለችና ተነሣን። ድንቹን በብዙ ውኃ አጥበን ልጣጩን ወፈር አድርገን ላጥን፤ ቀቅለን ፈጨን፤ የቀይ ሥሩን ውኃ ስንጨምርበት መልኩ ያማረ ሮዝ ሆነ። ልጣጩን የዘረጋነው በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነበር፤ ግማሽ ሳይበስል መብራት ሄደ። ከሰል ተያያዘ፣ ድስት ተጣደ፣ ከላይ ፍም ተደረገ። ከብዙ ሰዓት በኋላ የወጣው ነገር ከዳር ያረረ፣ ከመሐል የላላ፣ አፈር አፈር የሚል ቢሆንም የሚዋጥ ነው። ልጆቹ አንድ ጊዜ ነክሰው ሸሹ። ጋሼ ሚጥሚጣ አስመጡ። እማማ የደረሳቸውን ጨርሰው በሉና «ርቦህ ከሆነ ምን ይወጣለታል» አሉ።

ርቧቸው ነበር። የተባበሩት ኃይሎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ ካረፉ በኋላ ደሴቶቹ ከፈረንሳይ ይመጣላቸው የነበረው ቀለብ ተቋረጠ፤ ወራሪውም ተወራሪውም አብሮ ተራበ። ቬጋ የተባለችው የቀይ መስቀል መርከብ የምግብ እሽግ ጭና ገርንዚ የደረሰችው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከፈረንጆች ገና ሁለት ቀን በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ የኬኩን ደብዳቤ መልሶ ማንበብ ይጠቅማል፤ ቀልዱ እዚያው ነው፣ የተዘለለውም እዚያው ነው።

መጽሐፉን የወደዱት አንባቢዎች በተደጋጋሚ ያነሡት ደግሞ መነሻውን ነው፦ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሰበብ መገናኘታቸውን። ለገሃር ዙሪያ አሮጌ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ሁሉ የውስጠኛው ገጽ ላይ «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ አንዳንዴም የሥራ ቦታና የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይቷል፤ ግን ማን ይጽፋል? ተጠራጣሪዎቹ «እንዲህ አይሆንም፤ ሰው ለማያውቀው ሰው ልቡን አይከፍትም» ሲሉ የመለሰችላቸው የእማማ የልጅ ልጅ ናት። ሐምሌ 2010 የኤርትራ መስመር ሲከፈት እርሷ ገና ሕፃን ነበረች፤ ሲነገር የሰማችውን ግን ታውቃለች። ያኔ ብዙ ሰው የዘመዱን ቁጥር ስላላገኘ፣ ሌላውም ዘመድ ሳይኖረው፣ እንዲያው በዘፈቀደ ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጥ ነበር። «እንዴት ናችሁ? እናንተስ? ደህና ናችሁ?» ይባባላል፤ ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ ወይም ይስቃሉ። ይህን ያየ ሰው ዶውሲ ለጁልየት መጻፉን የማይታመን ነው ሊል አይችልም፤ እኔ ቢያንስ አልልም።

የመጽሐፉ ድክመት ያለው በእኔ አስተያየት ሌላ ቦታ፣ መጨረሻው ላይ ነው። ጁልየት ተነሥታ ወደ ገርንዚ ትሄድና ከሰዎቹ ጋር መኖር ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ የደሴቲቱ ሰዎች ለምን ይጽፉላት? በር አንኳኩተው ይነግሯታል። ደብዳቤዎቹ ከደሴቲቱ ውጭ ወዳሉት ወዳጆቿ ብቻ የሚሄዱ ይሆናሉ፤ የሚሸፈን ነገር ስለሌለ ከሥራቸው የሚሰማ ነገርም ይቀንሳል። ደራሲዋ ይህን ሳታውቀው አልቀረችም፤ በቀቀን ላላት የማኅበሩ አባል ለኢሶላ የማስታወሻ ደብተር ሰጥታ እንደ መርማሪ ያየችውን ሁሉ እንድትመዘግብ አድርጋለች። ያስቃል፤ ግን ደብዳቤ አይደለም። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ያቀረበችው ክስ ይህን ክፍል ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ አብሬያት እፈርም ነበር። የፍቅሩ ነገር መጠናቀቂያ ያገኘውም እዚሁ ነው፤ ዶውሲ ዓይን አፋር ስለሆነ አግባኝ ብላ የምትጠይቀው ጁልየት ናት። ወንዶቹ በዚህ ላይ ትንሽ አጉረመረሙ፤ «በ1946 እንዲህ ያለ ነገር ነበር?» አለ አንዱ። ሴቶቹ ሳቁበት።

እማማ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ነበሩ። «እርሷ ባትጠይቀው ኖሮማ ገና ደብዳቤ ሲጽፍላት ነበር» አሉና ለሚቀጥለው ወር የሚነበበው መጽሐፍ በአማርኛ የተጻፈ እንዲሆን፣ የልጅ ልጃቸውም ፈተና እንዳለባት አሳስበው ተነሡ።